የአንጋፋ ተዋናይ ሕይወት በ52 ደቂቃ

ዘጋቢ ፊልም በእውነተኛ ሰው፣ በእውነተኛ ቦታና በሰነድ ላይ ተመሥርቶ አንድን ጉዳይ የሚተርክ ፊልም ሲሆን፣ የታዋቂ ተዋናይን ሕይወት የሚተርከው ዘጋቢ ፊልም ግን ከሌሎቹ የሚለይበት የራሱ ችግር አለው። ባለታሪኩ ዕድሜውን ያሳለፈው ሌላ ሰው ሆኖ በመታየት ስለሆነ፣ አዘጋጁ እጅ የሚገባው ምስል በአመዛኙ የሰውየውን ፊት የያዘ ይሁን እንጂ ሕይወቱን የያዘ አይደለም፤ ንጉሥ ሆኖ ሲያዝ፣ ሽፍታ ሆኖ ሲያደባ ወይም ልጁን ቀብሮ ሲያለቅስ የሚታየው ሰው ቤቱ ሲገባ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ምስሉ አይናገርም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚጀምር ሰው በቅድሚያ መለየት የሚኖርበት የተዋናዩን ሥራ ከተዋናዩ ሕይወት ነው፤ ሁለቱን አቀላቅሎ የተወነውን ሁሉ እንደኖረው አድርጎ ማሳየት ተመልካችን ማሳሳት ይሆናል።

የአሜሪካ ወይም የፈረንሳይ አዘጋጅ ከብዙ ፊልሞች መካከል የትኛውን ቁራጭ ልውሰድ ብሎ ሲቸገር፣ የኢትዮጵያው አዘጋጅ የሚቸገረው ከናካቴው ምን ተርፏል በሚለው ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ባለሙሉ ርዝመት የፊልም ድርሰት የሚባለው «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» በእላላ ኢብሳ ድርሰትና አቅራቢነት፣ በግሪካዊው ላምብሮስ ጆካሪስ ዳይሬክተርነት ተሠርቶ ለሕዝብ የቀረበው በ1957 ዓ.ም. ነበር። ስሙን ከኦሮሞ ሕዝብ የደም ካሳ ሥርዓት የወሰደው የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» የመጣው ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ያህል ዘግይቶ፣ በአብዮቱ ዋዜማ ነው፤ በኋላ በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የጉማ የፊልም ሽልማትም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ፊልም ነው። የዚያ ትውልድ ታላላቅ ተዋንያን ችሎታቸውን ያሳዩት እንግዲህ ከካሜራ ፊት ይልቅ በመድረክ ላይ ነበር፤ በ1927 ዓ.ም. በተቋቋመው ሀገር ፍቅርና በ1948 ዓ.ም. የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትር ሕንፃ ይዞ በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር። የመድረክ ሥራ ደግሞ መጋረጃው ሲወርድ ያበቃል፤ የሚተርፈው ጥቂት ፎቶግራፍ፣ የቴአትሩ ማስታወቂያ ወረቀትና የተመልካቹ ትዝታ ብቻ ነው።

ደበበ እሸቱ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። በ1934 ዓ.ም. አካባቢ የተወለደው ይህ ተዋናይ በሃንጋሪ የቴአትር ትምህርት የተከታተለ፣ በአገር ውስጥ መድረኮችም ለረጅም ዓመታት የተወነ ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ ውጭ ያለ ተመልካች ግን የሚያውቀው በ1973 እ.ኤ.አ. በወጣው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ነው። ጆን ጊለርሚን ባዘጋጀውና ከፊሉ ኢትዮጵያ ውስጥ በተቀረጸው በዚህ ፊልም ደበበ ከዋናው ተዋናይ ከሪቻርድ ራውንድትሪ ጋር፣ ዋሳ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ይዞ ተጫውቷል። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ2014 እ.ኤ.አ.፣ ትውልደ ኢትዮጵያዊው ባዚ ጌቴ እስራኤል ውስጥ ባዘጋጀው «ቀይ ቅጠሎች» በተባለ ፊልም፣ ሚስቱ ከሞተች በኋላ ቤቱን ሸጦ በየልጆቹ ቤት የሚንከራተተውን አዛውንት ቤተ እስራኤላዊ ሆኖ የመሪ ተዋናይነቱን ቦታ ያዘ። የሰላሳ ዓመቱን ጎልማሳ ፊትና የሰባ ዓመቱን አዛውንት ፊት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ለቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልም እምብዛም የማይገኝ ሀብት ነው፤ በመካከላቸው ያለው ዘመን ንጉሣዊውን ሥርዓት፣ ደርግንና ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ ስለሚያቅፍ፣ ያለ ብዙ ቃል የአገር ታሪክ ከፊቱ ላይ ይነበባል።

ይሁን እንጂ እነዚህን ሁለት ፊቶች በአንድ ፊልም ውስጥ ማገናኘት በሕግ በኩል ቀላል አይደለም። «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር የተባለው የሆሊውድ ኩባንያ ያሠራው ፊልም ቢሆንም፣ ኩባንያው ከ1986 እ.ኤ.አ. በፊት የሠራቸው ፊልሞች በሽያጭ ተላልፈው ዛሬ በዋርነር ብራዘርስ እጅ ስለሚገኙ፣ የሁለት ደቂቃ ቁራጭ ለመጠቀም የሚፈልግ የአዲስ አበባ አዘጋጅ ፈቃድ መጠየቅ ያለበት በፊልሙ ላይ ስሙ ከተጻፈው ኩባንያ ሳይሆን ከሌላ ነው። ይህ የባለመብትን ማንነት እየተከታተሉ ፈቃድ የማግኘት ሥራ በሙያው ውስጥ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ ይቆጠራል፤ ብዙ ጊዜም ከቀረጻው በላይ ወራት ይፈጃል። በኢትዮጵያ በኩል የሚሠራው የ1996ቱ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 410፣ ለደራሲ በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት፣ ለፎቶግራፍ ሥራ ደግሞ ለ25 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ከዚህም ሌላ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ምስሉ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ይከላከላል፤ ዝነኛ በሆነ ሰው ላይ ጥበቃው ይላላል፣ ባለቤቱ ከሞተ በኋላም ክብሩን የሚነካ ምስል ሲወጣ የመቃወሙ መብት ለቤተሰቡ ይተላለፋል። በሳጥን ውስጥ የተገኘ አሮጌ ፎቶግራፍ ስለዚህ ባለቤት የለሽ ዕቃ አይደለም፤ ያነሳው ሰው፣ የተነሳው ሰውና ያስቀመጠው ሰው በየፊናቸው ይመለከታቸዋል።

የፈቃዱ ጉዳይ ቢያልቅ እንኳ የፍለጋው ሥራ ራሱ በስምና በዘመን ይደናቀፋል። የውጭ ማኅደሮች፣ ማለትም የድሮ ፊልምና ሰነድ የሚያስቀምጡ ተቋማት፣ መዝገባቸውን የሚያዘጋጁት በቤተሰብ ስም ስለሆነ ደበበን የሚመዘግቡት በአባቱ ስም «እሸቱ» በሚለው ሥር ነው፤ የአማርኛው ፊደል ወደ ላቲን ሲገለበጥም አንዱ ስም አራትና አምስት ዓይነት አጻጻፍ ይይዛል። አንዱን አጻጻፍ ብቻ ይዞ የሄደ ፈላጊ ባዶ እጁን ይመለሳል። የዘመን አቆጣጠሩ ልዩነት ደግሞ የባሰ ነው፤ አንድ ምስክር «በሃምሳ ሰባት» ሲልና አንድ የውጭ መዝገብ «1957» ሲል ሰባትና ስምንት ዓመት የሚራራቁ ሁለት ዘመኖችን እየተናገሩ ስለሆነ፣ ይህን ያላጣራ ፊልም ተዋናዩን ገና ተማሪ ሳለ በመድረክ ላይ ያቆመዋል። ጠንቃቃ አዘጋጅ በመጀመሪያው ሳምንት የሚሠራው ነገር ሁለቱን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን የያዘ የሕይወት ሰንጠረዥ ነው።

የተረፈው ምስልና ድምፅም ቢሆን በራሱ ጊዜ ይሞታል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ሥርጭቱን ሲጀምር ዘመኑ የጥቁርና ነጭ ምስል ዘመን ነበር። በዚያ ዘመን ለዜናና ለዘጋቢ ፊልም በብዛት ያገለግል የነበረው ባለ16 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ 400 ጫማ የሚረዝመው ጥቅል አሥራ አንድ ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ፣ ቀራጩ እያንዳንዷን ደቂቃ እየቆጠረ ይሠራ ነበር። የዚህ ፊልም ገላ ከአሴቴት የተሠራ በመሆኑ በሙቀትና በእርጥበት ሲጎዳ አሲድ እየለቀቀ ይኮማተራል፤ ቆርቆሮው ሲከፈት የሆምጣጤ ሽታ ከመጣ መበስበሱ ተጀምሯል ማለት ነው። በኋላ የመጣው የማግኔት ካሴት ደግሞ ሌላ ጠንቅ ነበረው፤ ዋጋው ውድ ስለነበረ በዓለም ዙሪያ ያሉ ጣቢያዎች በአሮጌው ፕሮግራም ላይ አዲስ እየቀዱ ተጠቀሙበት። የእንግሊዙ ቢቢሲ እንኳ «ዶክተር ሁ» ከተባለው ዝነኛ ተከታታይ ድራማው ወደ 100 የሚጠጉ ክፍሎችን በዚህ ዓይነት አጥቷል፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ጥናትም ከአገሪቱ ድምፅ አልባ የፊልም ድርሰቶች ውስጥ በመጀመሪያ ይዞታቸው ተሟልተው የተገኙት 14 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አስታውቋል። ሀብታሞቹ አገሮች ይህን ያህል ካጡ፣ የኢትዮጵያ ማኅደር ውስጥ የተረፈች እያንዳንዷ ደቂቃ ምን ያህል ውድ እንደሆነች ማስላት ይቻላል።

አሮጌው ምስል ከተገኘ በኋላ በአዲሱ ፊልም ውስጥ የሚገባበት መንገድ ጥንቃቄ የሚጠይቅ የእጅ ሥራ ነው። የሲኒማ ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ሲሆን፣ ኢትዮጵያ የተከተለችው የቴሌቪዥን ሥርዓት ደግሞ 25 ነው፤ ፊልሙ ያለ ማስተካከያ ወደ ቴሌቪዥን ከተገለበጠ አራት በመቶ ያህል ይፈጥናል፣ የተዋናዩ ድምፅም በዚያው ልክ ይቀጥናል። ለተራ ተመልካች ይህ ላይታወቅ ይችላል፤ ድምፁ ግማሽ ማንነቱ ለሆነ ተዋናይ ግን ትንሽ ነገር አይደለም። ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ የክቡር ዶክተር ሐዲስ አለማየሁን ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የሰሙ ሰዎች ገጸ ባሕርያቱን የሚያስቡት ከዚያ ድምፅ ጋር ነው፤ ያንን ድምፅ አቅጥኖ ለልጆቻቸው ማሰማት ሌላ ሰው ማሰማት ነው። በተመሳሳይ መንገድ የድሮው ምስል ስፋቱ ከቁመቱ ብዙም የማይበልጥ ሆኖ ሳለ የዛሬው ቴሌቪዥን ሰፊ ስለሆነ፣ ጎንና ጎኑን ጥቁር ትቶ እንዳለ ማቅረብ ሲቻል ስክሪኑን ለመሙላት ሲባል ላይና ታቹን መቁረጥ ይዘወተራል፤ በቅርበት የተቀረጸ ፊት ግንባሩና አገጩ ተቆርጦ ሲታይ ቀራጩ ያሰበው ሁሉ ይጠፋል። ምስሉን ለጥጦ ማስፋት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው።

ከሰነድ ቀጥሎ የሚመጣው ቃለ መጠይቅ ሲሆን፣ የኢትዮጵያው ዘጋቢ ፊልም ሊበረታበት የሚችለው በዚህ በኩል ነው፤ ምስሉ በጠፋበት አገር ምስክሩ የማኅደርን ቦታ ይይዛልና። ለምሳሌ ተዋናይት አስናቀች ወርቁ በ1940ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወደ መድረክ ስትወጣ የሴት ገጸ ባሕርይ ይዞ መጫወት የወንዶች ሥራ ነበር፤ በኋላ አባባ ተስፋዬ ተብሎ ለአራት አሥርት ዓመታት በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት የነገረው ተስፋዬ ሣህሉ ራሱ በወጣትነቱ ሴት ሆኖ ተውኗል። ይህን ለውጥ ከውስጥ ሆኖ ሊያስረዳ የሚችለው በዚያ መድረክ ላይ የነበረ ሰው ብቻ ነው። የአስናቀች የክራር ዜማዎች «ኢትዮጲክስ» በተባለው ተከታታይ 16ኛ ቅጽ ሆነው በ2003 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ታትመዋል፤ ሕይወቷን የሚተርከው የራሔል ሳሙኤል «አስኒ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ደግሞ ለተመልካች የደረሰው በ2013 እ.ኤ.አ.፣ ተዋናይቷና ዜመኛዋ በመስከረም 2004 ዓ.ም. ካረፈች በኋላ ነው። ተስፋዬ ሣህሉ በሐምሌ 2009 ዓ.ም.፣ ተዋናይ ፍቃዱ ተክለማርያም በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ሲያርፉ በየጣቢያው በሰዓታት ውስጥ ተቀናብሮ የቀረበው የሕይወት ታሪክ ለሐዘኑ የሚገባ ነበር፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ዝግጅት ከቀብር መርሐ ግብር ላይ ከሚነበብ የሕይወት ታሪክ ብዙም ሊርቅ አይችልም። ዘጋቢ ፊልም ጊዜ ይጠይቃል። ባለታሪኩ በሕይወት ሳለ፣ ድምፁ ሳይሰልል፣ ትዝታውም ሳይደበዝዝ መቀረጽ አለበት፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ፣ ምክንያቱም አንጋፋ ተዋናይ በመጀመሪያው ቀን የሚናገረው ለዓመታት ለጋዜጠኞች ሲናገር የኖረውን ነው፤ አዲሱ ነገር የሚወጣው በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን፣ የድሮ ፎቶግራፉን በእጁ ይዞ ሲያይ ነው።

እዚህ ላይ አዘጋጁን የሚፈትነው ውዳሴ ነው። ባህሉ ታላቅን ማክበር ያስተምራል፣ ማክበሩም ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ተራኪው፣ ማለትም ከምስሉ ጀርባ ድምፁ ብቻ የሚሰማው ሰው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «ታላቁ»፣ «ዕንቁው» እያለ ሲቀጥል ሰውየው ከዓይን ይሰወራል። የደበበን ሕይወት የሚተርክ ፊልም ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ከተቃዋሚው የቅንጅት ፓርቲ ሰዎች ጋር መታሰሩን ዘሎ ማለፍ አይችልም፤ ይህን ክፍል የሚቆርጥ አዘጋጅ ቀሪውንም የሚያምንለት አያገኝም። ማክበድም ማቅለልም ሳይኖር፣ የሆነውን በቅደም ተከተል ማስቀመጥና ባለታሪኩ ራሱ፣ ባልደረቦቹና የተቃወሙትም እንዲናገሩ መተው ይበቃል።

የቦታ ነገርም አለ። የዚያ ትውልድ ተዋንያን የኖሩበትና የሠሩበት አዲስ አበባ በአመዛኙ ፒያሳና አካባቢው ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ ሰፈሮች ሲፈርሱ ነዋሪዎቹ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውረዋል። ሰው ሲዛወር ሳጥን ይዛወራል፣ አንዳንዱም በጉዞው ይጠፋል፤ ከእንግዲህ የአንድን የድሮ ተዋናይ ፎቶግራፍ የሚፈልግ ሰው የሚያንኳኳው በር የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎቹ ወደ በዙበት ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ወደ ለገጣፎ አቅጣጫ ሊሆን ይችላል። የፈረሰውን ሰፈር በሌላ ቦታ ሠርቶ ማሳየት፣ በሙያው ቋንቋ ዳግም ትወና የሚባለው፣ በሱሉልታ ወይም በሰበታ ሜዳ ላይ በርካሽ ሊሠራ ይቻል ይሆናል፤ ሆኖም ከእውነተኛው ማኅደር ጋር ተቀላቅሎ ተመልካቹ እንዳይሳሳት በግልጽ ካልተለየ ባይሠራ ይሻላል። የቆመ ፎቶግራፍን በዝግታ ማሳየትና በላዩ ላይ የአንድ ምስክር ድምፅ ማስደመጥ ከዚያ ይልቅ ያስተማምናል።

በዓለም አቀፍ የቴሌቪዥን ገበያ የአንድ ሰዓት ዘጋቢ ፊልም ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ 52 ደቂቃ ሲሆን፣ ለዚህ የሚሰበሰበው ጥሬ ቀረጻ ግን ሠላሳ ወይም አርባ ሰዓት ሊደርስ ይችላል። አቀናባሪው ይህን ሁሉ በቃል በቃል ጽሑፍ አስገልብጦ፣ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የሚገኝበትን ሰዓትና ደቂቃ አስመዝግቦ ነው መቁረጥ የሚጀምረው። በሥርጭቱ ማግስት ተቆርጦ የቀረው ቀረጻ ሁሉ የሚደመሰስ ከሆነ በድሮው ካሴት ላይ የደረሰው ጥፋት በአዲስ መልክ ተደገመ ማለት ነው፤ ስለዚህ የተናጋሪው ስም ከነአባቱ፣ የተቀረጸበት ቦታና ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፎበት፣ አንዱ ቅጂ በቴሌቪዥን ጣቢያው፣ ሁለተኛው በብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት (በወመዘክር)፣ ሦስተኛው በተዋናዩ ቤተሰብ እጅ መቀመጥ ይኖርበታል።