የሕፃኑ ጭንቅላት በፍጥነት ሲያድግ፦ ከውሃው ጀርባ ያበጠ የደም ሥር ሊኖር ይችላል

የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ ጋር አልመጣጠን ሲል «ጭንቅላቱ ውሃ ቋጠረ» እንላለን። በሕክምና ሀይድሮሴፋለስ ይባላል። ዛሬ ከመንስኤዎቹ አንዱን፣ ብዙ የማያጋጥመውን ግን መታወቅ ያለበትን እንይ።

አንዳንድ ሕፃን ሲፈጠር ጀምሮ በአንጎሉ ውስጥ ደም ቅዳዎች በቀጥታ ከአንድ ትልቅ ደም መልስ ጋር ይገናኛሉ። ደሙ በኃይል ስለሚገባ ሥሩ እንደ ፊኛ ይነፋል (ቬን ኦፍ ጌለን ማልፎርሜሽን)። የአንጎል ፈሳሽ ደግሞ የሚወገደው ወደ ደም መልስ እየገባ ነው። እዚያ ግፊት ሲበዛ መውጫ ያጣና ይጠራቀማል። ልብም ከአቅሙ በላይ ይሠራል።

ምልክቶቹ፦
👉 የጭንቅላት ቶሎ ቶሎ መተለቅ
👉 እርግብግቢት መወጠር
👉 ማስታወክ፣ ዓይን ወደ ታች መውረድ
👉 ሲጠባ ማላብ፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ

መለየቱ ለምን ይጠቅማል? ለሌላው ሀይድሮሴፋለስ ፈሳሹን ወደ ሆድ የሚያወርድ ቱቦ ይገባል። እዚህ ግን ብዙ ጊዜ የሚቀድመው የተሳሳተውን የደም መንገድ መዝጋት ነው፤ በቱቦ መቸኮል ሊጎዳ ይችላል። በእርግብግቢት በኩል የሚደረግ ዶፕለር አልትራሳውንድ የደም ፍሰቱን ያሳያል፤ ጨረርም የለውም።

ደብረ ማርቆስና አካባቢው ያላችሁ ወላጆች፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ለክትባት ስትሄዱ «ጭንቅላቱንም በሜትር ለኩልኝ» በሉ፤ ካርዱ ላይ አስጽፉ። ዋናው ከባለፈው ልኬት ጋር ያለው ልዩነት ነው። ወደ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሪፈር ከተጻፈላችሁ «በዓሉ ይለፍና» አትበሉ። አንጎል ቀጠሮ አይጠብቅም።

አራስ ላለችበት ቤት ሼር አድርጉ 🙏