ያውቁ ኖሯል? ጨረራ ከብልባላ ሰማይ እስከ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ

• ላስታ ውስጥ ባለችው ብልባላ የሚኖር ሰው ጅቡቲ ካለ ዘመዱ የበለጠ የሕዋ ጨረራ ያገኛል። ከሕዋ የሚመጣው ጨረራ በባሕር ወለል ከፍታ በዓመት 0.3 ሚሊሲቨርት (የጨረራ መጠን መለኪያ) ገደማ ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ባሉ እንደ ላስታ ባሉ ደጋዎች ግን ከእጥፍ በላይ ይሆናል። አየሩ ሲሳሳ ጋሻውም ይሳሳል። ከሰማይም ከምድርም ተደምሮ የዓለም ሕዝብ አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ስለሆነ ይህ ጭማሪ የሚያሰጋ አይደለም።

• እንደ ብልባላ ጊዮርጊስ ካለ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ድንጋዩ የሕዋውን ጨረራ ያዳክምልዎታል። በአንጻሩ በየአለቱና በየአፈሩ ካለው ዩራኒየም የሚመነጭ ራዶን የሚባል ጋዝ አለ። ሽታም ቀለምም የለውም፤ ዋናው መፍትሔ አየር ማናፈስ ነው።

• ፈረንሳዊው አንሪ ቤክሬል ዩራኒየም ያለ ፀሐይ ብርሃን በራሱ ጨረራ የፎቶ ሳህን እንደሚያጠቁር ያየው እሑድ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1896 ነው። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 23 ቀን 1888፣ የዐድዋ ድል ዕለት!

• ራጅ ለጦር ቁስለኞች ማገልገል የጀመረውም ከዚሁ የዐድዋ ጦርነት ጋር በተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 ኔፕልስ ውስጥ ከኢትዮጵያ ቆስለው የተመለሱ ሁለት የጣሊያን ወታደሮች ክንዳቸው ውስጥ የቀረው ጥይት በራጅ ተፈለገ። ራጅ ከተገኘ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

• ባለ ሦስት ክንፉ የጨረራ ምልክት የተወለደው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1946 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሌይ። ያኔ መደቡ ሰማያዊ ነበር፤ ቢጫው በኋላ መጣ።

• የአፍሪካ የመጀመሪያው የኑክሌር ማብላያም የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1959 ኪንሻሳ፣ ሎቫኒየም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ከዚያ ከጠፉት ሁለት የነዳጅ ዘንጎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1998 ጣሊያን ውስጥ ተያዘ። ቁልፍና ቆጠራ ለደህንነት የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው።

• ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው ኤጀንሲው በተቋቋመበት በ1957 እ.ኤ.አ. ነው። ብሔራዊ የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን በአዋጅ የተቋቋመው ግን ከ36 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ዩኒቨርሲቲም ቢሆን ያለ ፈቃድ የጨረራ ምንጭ ይዞ መገኘት አይችልም።

• በዓለም አቀፉ መስፈርት፣ ከተፈጥሮውና ከሕክምናው ጨረራ ውጭ፣ ለጨረራ ሠራተኛ የተፈቀደው በ5 ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው። ከ16 እስከ 18 ዓመት ላለ ተማሪ 6፣ ለማንኛውም ሌላ ሰው 1 ብቻ። ከ16 ዓመት በታች ያለ በዚህ ሥራ ጨርሶ አይሠለጥንም።

• ሠራተኛው ደረቱ ላይ የሚያደርገው ባጅ ጨረራን አይከላከልም፤ ይመዘግባል እንጂ። በብዙዎቹ ውስጥ ያለችው የሊቲየም ፍሎራይድ ቅንጣት ስትሞቅ በወሰደችው ጨረራ ልክ ብርሃን ትሰጣለች። ባጅ መዋዋስ የሁለት ሰው መዝገብ ያበላሻል።

• እርሳስ የተባለው ብረት ያለበት የራጅ ክፍል ሽርጥ ታጥፎ አይቀመጥም፤ ይሰቀላል። ከታጠፈ ውስጡ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ደግሞ ከውጭ አይታይም፤ ጨረራው ግን በዚያ ያልፋል።

• ከትንሽ የጨረራ ምንጭ ከ1 ሜትር ወደ 2 ሜትር ቢርቁ የሚደርስብዎት ወደ ሩብ ይወርዳል፤ 10 ሜትር ቢርቁ ወደ መቶኛ። ከርቀት የረከሰ መከላከያ የለም።

• አንዳንዱ የቤተ ሙከራ ቆሻሻ የሚወገደው በትዕግሥት ነው። አዮዲን 131 በየ8 ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል፤ 80 ቀን ተቆልፎበት ቢቀመጥ ከሺህ አንድ ያህሉ ብቻ ይቀራል። ኮባልት 60 ግን ለግማሹ ብቻ ከ5 ዓመት በላይ ይፈልጋል።

• የራጅ ማሽን ሲጠፋ ጨረራውም አብሮ ይጠፋል፤ ክፍሉም ልብስዎም ላይ አይቀርም። አልትራሳውንድና ኤምአርአይ ደግሞ ጭራሽ እንዲህ ያለ ጨረራ የላቸውም። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ግን ራጅ ከመነሣትዎ በፊት ለባለሙያው ይንገሩ።

• እ.ኤ.አ. በ1987 ብራዚል፣ ጎያኒያ ከተማ ውስጥ ሁለት ሰዎች ከተተወ የካንሰር ሕክምና ጣቢያ አንድ መሣሪያ ነቅለው ለቆራሌ ሸጡ። ውስጡ ሲዚየም 137 ነበር። 4 ሰዎች ሞቱ፤ 249 ተበከሉ። እርስዎም ባለ ሦስት ክንፉ ምልክት ያለበት የወደቀ ዕቃ ካዩ አይንኩት፣ አይክፈቱት፣ ልጆችን ያርቁና ለፖሊስ ያመልክቱ።