ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድና ስለ እሳት አደጋ

በደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት፥ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የተጓዘው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል የተሠራባት ስፍራ ናት። በዚያ እንደ ታየው፥ እሳት በተበጀለት ቦታ ሲቆይ አገልጋይ ነው፤ ከቦታው ሲወጣ ግን አጥፊ ይሆናል። በየቤታችን የሚገባው የኤሌክትሪክ ኃይልም እንዲሁ ነው።

የእንጀራ ምጣድ እጅግ ብዙ ኃይል ይስባል። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት ሲሠራ 16 አምፔር ያህል ይፈልጋል፤ ለ10 አምፔር የተሠራ ማከፋፈያ ይህን ሊሸከም አይችልም። በአንድ ሽቦ የሚያልፈው አምፔር እጥፍ ሲሆን የሽቦው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናልና፥ እሳቱ ከምጣዱ ሳይሆን ማንም ልብ ከማይለው ቀጭን ሽቦ ሊነሣ ይችላል።

ስለዚህ የሚከተለው እንዲጠበቅ እንመክራለን።

1ኛ/ ለምጣድ ባለሙያ የዘረጋው ወፍራም ሽቦና የራሱ ማጥፊያ ይኑረው፤ ከማከፋፈያ ጋር ፈጽሞ አይገናኝ።

2ኛ/ ሶኬቱ ቢግል፥ ቢጠቁር ወይም የተቃጠለ ላስቲክ ቢሸት፥ ባለሙያ ሳያየው አይሠራበት።

3ኛ/ እንጀራ ሲጋገር መብራት ቢጠፋ፥ የምጣዱ ማጥፊያ ወዲያው ይዘጋ። እናት ምጣዱን ሳትዘጋ ወደ ገበያ ብትሄድ፥ መብራቱ ሲመለስ ምጣዱ ሕፃናት ብቻ ባሉበት ቤት ይግላልና።

4ኛ/ እሳት ቢነሣ አስቀድሞ ኃይሉ ከቆጣሪው ዘንድ ይዘጋ። ኃይሉ ሳይዘጋ ውሃ አይረጭ፤ ውሃ ኤሌክትሪክን ወደ ሰው ያስተላልፋልና። ኃይሉን መዝጋት ካልተቻለ ደረቅ አሸዋ ይበተንበት፤ እሳቱ ከበረታ ግን ንብረት ሳይታሰብ ሰው ሁሉ ከቤት ይውጣ።

እንጀራ የምንጋግርበት ዕቃ ቤታችንን እንዳይበላ፥ ጥንቃቄያችን ከአደጋው ይቅደም።