ቀለህን ዳግም መሙላት፦ ከውጅግራ ወደ ለቤል በተደረገው ሽግግር የጠፋ አቅም

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ ስለ ገቡ ጠመንጃዎች ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የጠመንጃው ብዛት፣ የሻጩ ማንነትና ዕቃው ያለፈበት ወደብ ነው። ጥይቱ ግን እንደ ተከታይ ዕቃ ተቆጥሮ ይታለፋል። ይህ አመለካከት አንድ ቀላል እውነታ ይዘነጋል፤ በወጉ የተያዘ ጠመንጃ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ጥይት የሚተኮሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ የአንድ መሣሪያ ዕድሜ የሚለካው ቀለሁ ባዶ ከሆነ በኋላ በሚሆነው ነገር ነው፦ እንደገና ይሞላልን? የሚሞላውስ በፋብሪካ ብቻ ነው ወይስ በአንጥረኛ እጅም? ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በሁለት የፈረንሳይ ጠመንጃዎች፣ በ1874ቱ ግራና በ1886ቱ ለቤል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ጥይቶች አማካይነት ይመለከታል።

ውጅግራ የሚለው የአማርኛ ስም «ፊዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ «ፊዚ» ጠመንጃ ማለት ሲሆን «ግራ» የነዳፊው የሻምበል ባዚል ግራ ስም ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው የ1866ቱ ሻስፖ የሚተኩሰው በወረቀት የተጠቀለለ ጥይት በመሆኑ ከተኩስ በኋላ የሚሰበሰብ ነገር አልነበረውም። ግራ ይህን ለወጠ። የጥይቱ ቀለህ 59 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ናስ ሲሆን በውስጡ 5.25 ግራም ጥቁር ባሩድ፣ በአፉ ላይ ደግሞ 25 ግራም ያህል የሚመዝን የእርሳስ አረር ይይዛል። ስፋቱ 11 ሚሊ ሜትር የሆነው ይህ አረር ከአፈሙዙ የሚወጣው በሰከንድ ወደ 450 ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ነው። ይህ ፍጥነት፣ ቀጥሎ እንደሚታየው፣ የነገሩ ቁልፍ ነው።

ንጹሕ እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። የከሰል እሳት፣ ወፍራም የብረት ማንቆርቆሪያና እንደ መቆንጠጫ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ ሁለት ገጽ ያለው የብረት ቅርጽ ለሥራው ይበቃሉ። ሥራው ቀላል ቢመስልም ዓይንን ይፈልጋል። ቅርጹ ገና ሳይሞቅ ከፈሰሰበት አረሩ እንደ ሽማግሌ ግንባር ይሸበሸባል፤ ከመጠን በላይ ከጋለ ደግሞ ላዩ ውርጭ የነካው ይመስላል፣ መጠኑም ይዛባል። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት አረሮች ተመልሰው ወደ ማቅለጫው ይገባሉ። ጥቂት ቆርቆሮ ሲቀላቀልበት እርሳሱ የቅርጹን ጥጋጥግ በሚገባ ይሞላል፤ አንቲሞኒ ደግሞ ያጠነክረዋል። እርጥበት ግን የሥራው ጠላት ነው። በቀለጠ እርሳስ ውስጥ የገባች አንዲት የውሃ ጠብታ በቅጽበት ወደ እንፋሎትነት ተለውጣ የጋለውን ብረት በሠሪው ፊት ላይ ትረጨዋለች። የእርሳስ ብናኝና ጢስ የሚያደርሰው መመረዝ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚመጣ በመሆኑ የባሰ ተንኰለኛ ነው።

ለስላሳ እርሳስ ለውጅግራ ተስማሚ የሆነው በፍጥነቱ ዝቅተኛነት ብቻ አይደለም። ባሩዱ ሲነድ ጋዙ የአረሩን መቀመጫ ከኋላ በኃይል ስለሚመታው እርሳሱ ወደ ጎን ያብጥና በበርሜሉ ውስጥ የተቀረጹትን ጠመዝማዛ ቦዮች ይሞላል። በመሆኑም ከልኩ ጥቂት ያነሰ አረር እንኳ ጋዙን አፍኖ ሊሄድ ይችላል። በርሜሉ በዘመን ብዛት የሰፋ እንደሆነ ልኩ የሚታወቀው ለስላሳ የእርሳስ ቁራጭ በእንጨት ዘንግ ከአፍ እስከ ጫፍ ተገፍቶ ሲወጣና ሲለካ ነው፤ አዲሱ አረር ከዚያ በሚሊ ሜትር መቶኛ በሚቆጠር መጠን ወፈር ይደረጋል። እርሳሱ ከብረቱ ጋር እንዳይጣበቅ በፈረንሳዩ ጥይት ውስጥ አረሩ ወረቀት ይጠቀለልበት፣ ከሥሩም የሰምና የሞራ ድፍድፍ ይደረግ ነበር። ሰም ከኢትዮጵያ ታዋቂ የወጪ ንግድ ዕቃዎች አንዱ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ዝርዝር ብዙ ይነግረዋል።

የባሩዱም ነገር እንዲሁ ነው። ጥቁር ባሩድ የፖታሲየም ናይትሬት፣ የከሰልና የድኝ ድብልቅ ሲሆን በኢትዮጵያ ውስጥ ውጅግራ ከመምጣቱ አስቀድሞ ይሠራ ነበር። ለዚህ ጽሑፍ ከአሠራሩ ይልቅ የሚጠቅመው የስሕተቱ ጠባይ ነው። ጥይቱ የተነደፈው ባሩዱ ከአረሩ በታች ያለውን ባዶ ቦታ ሁሉ እንዲሞላው በመሆኑ ትክክለኛ ሚዛን የሌለው ሠራተኛ እንኳ እጥፍ አድርጎ ሊሞላ አይችልም፤ ቦታ የለውምና። የተቀሸረ ባሩድ ደግሞ አረሩን ያዘገየዋል እንጂ ጠመንጃውን አይሰነጥቀውም። ዋጋው ቆሻሻው ነው፤ ከሚነደው ባሩድ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጢስና ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል። ዝቃጩ በውሃ የሚለቅ ቢሆንም ሳይታጠብ ካደረ በርሜሉንም ቀለሁንም ይበላል።

ናሱ የራሱ ታሪክ አለው። በተኩስ ጊዜ ቀለሁ ተለጥጦ ከጠመንጃው ክፍል ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፣ ከዚያም ጥቂት ይሰበሰባል። ደጋግሞ የተለጠጠና የተጨመቀ ናስ እየጠነከረ ስለሚሄድ አፉ ይሰነጠቃል፤ መድኃኒቱ አፉን ብቻ በእሳት አሙቆ ማለስለስ ነው። ይህ ሁሉ ለአንጥረኛ የታወቀ ሥራ ነው። የማይታወቀው ግን ካፕሱል የሚባለው፣ በቀለሁ መቀመጫ ላይ የሚገባውና መርፌው ሲመታው እሳት የሚሰጠው ትንሽ የመዳብ ቆብ ነው። በ1860ዎቹ ሁለት ዓይነት አሠራር ወጣ። በእንግሊዛዊው ቦክሰር አሠራር የውስጡ መምቻ ጉብታ የካፕሱሉ አካል ሲሆን ቀለሁ መሐል ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ ስላለው ያረጀው ካፕሱል በቀጭን ዘንግ ተገፍቶ ይወጣል። በአሜሪካዊው በርዳን አሠራር ግን ጉብታው ከቀለሁ ጋር አብሮ የተሠራ ነው፣ ቀዳዳዎቹም ከጎኑ ስለሚሆኑ ካፕሱሉን በውጭ በኩል ወግቶ መንቀል ግድ ይላል። የአውሮፓ ጦሮች አብዛኞቹ የመረጡት የአሜሪካዊውን፣ አሜሪካኖች በኋላ የለመዱት ደግሞ የእንግሊዛዊውን መሆኑ ከታሪክ ቀልዶች አንዱ ነው። ያም ሆነ ይህ በውጅግራ ዘመንም ቢሆን ካፕሱሉ ከውጭ መምጣት ነበረበት። ራስን መቻሉ ሙሉ አልነበረም፤ ነገር ግን ጥገኝነቱ በአንዲት ቀላል ዕቃ ላይ የተወሰነ ነበር፣ በሺህ የሚቆጠር ካፕሱልም በአንድ ከረጢት ይያዛል።

ፖል ቪዬል በ1884 ጢስ አልባውን ባሩድ ሲሠራ ይህ ሁሉ ተለወጠ። በእርሱ ላይ የተመሠረተው የለቤል ጥይት የተቀረጸው ከውጅግራው ቀለህ ነው፤ መቀመጫው ያንኑ ያህል ሰፊ ሲሆን ላዩ ግን ወደ 8 ሚሊ ሜትር ጠብቧል። ዝምድናው እስከዚያ ድረስ ነው። ከ3 ግራም ያነሰ ባሩድ 15 ግራም የሚመዝነውን አረር በሰከንድ ከ600 ሜትር በላይ ያስወነጭፈዋል። በዚህ ፍጥነት ባዶ እርሳስ ቦዮቹን መከተል አቅቶት ይላጣል፣ በርሜሉንም ይደፍነዋል፤ ስለዚህ አረሩ የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ልባስ ያስፈልገዋል። ልባስ ደግሞ በመጭመቂያ መኪና እንጂ በማንቆርቆሪያ አይሠራም። ባሩዱ በጥጥና በአሲድ ላይ የተመሠረተ የኬሚካል ፋብሪካ ውጤት ነው። ትንሽ ቦታ የሚይዝ በመሆኑም የጥቁር ባሩድ ሠራተኛን የሚጠብቀው ያ የተፈጥሮ ገደብ ይጠፋል፤ ቀለሁን በልምድ እስከ አፉ የሞላ ሰው ጠመንጃውን በፊቱ ላይ ያፈነዳዋል።

ብዙም የማይነገር ሌላ ምክንያት አለ። በዘመኑ የነበሩ ብዙ ካፕሱሎች የሜርኩሪ ውህድ ነበረባቸው። በጥቁር ባሩድ ጊዜ ዝቃጩ ሜርኩሪውን ስለሚይዘው ናሱ ይተርፋል። ጢስ አልባው ባሩድ ግን ዝቃጭ ስለሌለው ሜርኩሪው በቀጥታ ወደ ናሱ ገብቶ ተሰባሪ ያደርገዋል። ቀለሁ ለዓይን ጤነኛ ይመስላል፣ ዳግም ሲተኮስ ግን ይሰነጠቃል።

ከዚህ አንጻር ሲታይ የ1890ው የብራሰልስ ስምምነት፣ የ1906ቱ የሦስቱ መንግሥታት የመሣሪያ ንግድ ስምምነትና የ1930ው የፓሪስ ውል ክብደታቸው በየጊዜው እኩል አይደለም። ወደብ ሲዘጋ የውጅግራ ባለቤት እርሳስ፣ ሰም፣ ባሩድና የሰበሰበው ቀለህ ይቀሩታል። የለቤል ወይም የሌላ ጢስ አልባ ጠመንጃ ባለቤት የሚቀረው ቆጥሮ ያስቀመጠው ጥይት ብቻ ነው። ጥይት በኢትዮጵያ ገበያ ከአሞሌ ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል እንደነበር ሲታሰብ፣ የባዶው ቀለህ ዋጋ ከጥይት ዓይነት ወደ ጥይት ዓይነት እንዴት ይለያይ እንደነበረ መመርመር ለምጣኔ ሀብት ታሪክ ተማሪም ጥሩ መነሻ ይሆናል።

ማስረጃው ከጽሑፍ ውጭም ይገኛል። ዳግም የተሞላ ቀለህ ምልክቱን ይዞ ይቆያል። ከአንድ ጊዜ በላይ በተተኮሰ ቀለህ ከንፈር ላይ የመንቀያው ጥፍር በተለያየ ቦታ ጭረት ይተዋል፤ በርዳን ካፕሱል በጉልበት በተነቀለበት ጉድጓድ ጠርዝ ላይ የመውጊያው ቁስል ይታያል፤ በእሳት የለሰለሰው አፍም ቀለሙ ከታችኛው አካል ይለያል። እነዚህን ለማየት አሥር ጊዜ የሚያጎላ መነጽርና ከጎን የሚመጣ ብርሃን ይበቃል። በሙዚየምም ሆነ በግለሰብ እጅ ያለ ቀለህ በአሲድ ወይም በማወልወያ እንዲያበራ ሲደረግ ግን መጀመሪያ የሚጠፉት እነዚሁ ጭረቶች ናቸው።