የልጅ ፊት ሲጣመም



ማታ ደኅና የተኛ ልጅ ጧት ሲነሣ አፉ ወደ አንድ ወገን ተጣሞ፣ አንድ ዓይኑም አልከደን ብሎ ሲገኝ የማይደነግጥ ወላጅ የለም። በአገራችን አንዳንዱ ምች ነው፣ አንዳንዱም የሌሊት ወፍ ነክቶት ነው ይላል። ልጁን አዝሎ ዓርብ ገበያ ከሚገኘው ጤና ጣቢያ የሚደርስ የታች ጋይንት ገበሬ የሚጠይቀው ግን አንድ ነገር ነው፤ «ልጄ ይድናል ወይ?»

ፊታችንን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ከአንጎል ተነሥቶ በጆሮ በኩል ባለ ጠባብ የአጥንት ቦይ ያልፋል። ነርቩ ሲያብጥ በዚያ ይጨመቃል፤ የዚያ ወገን ግንባር፣ ዓይንና ከንፈርም አይታዘዙም። ምክንያቱ ሳይታወቅ በድንገት ሲመጣ ሐኪሞች የቤል ሽባነት ይሉታል።

እብጠቱን ለመቀነስ የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን የተባለው የስቴሮይድ መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ከስኮትላንድ በወጣ ጥናት፣ ሕመሙ በጀመረ በ3 ቀን ውስጥ መድኃኒቱን ከጀመሩት አዋቂዎች ከመቶው 94ቱ በ9 ወር ፈጽመው ድነዋል፤ ካልወሰዱት ግን የዳኑት 82ቱ ናቸው።

በልጆች ዘንድ ነገሩ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2022 ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ በወጣ የ187 ልጆች ጥናት፣ በ1 ወር ጊዜ መድኃኒቱን ከወሰዱት 49 በመቶው፣ መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ከወሰዱት ደግሞ 57 በመቶው ድነው ተገኙ። በ6 ወር ቁጥሩ 99 እና 93 በመቶ ሆነ፤ ይህም ልዩነት ከአጋጣሚ ተለይቶ አልታወቀም። እንግዲህ ኪኒኑን በወቅቱ ያላገኘ ወላጅ ተስፋ አይቁረጥ፤ ልጆች አብዛኞቹ ያለ እርሱም ይድናሉ።

ይሁን እንጂ ሐኪም ዘንድ መቅረብ የግድ ነው። የጆሮ ቁስለት፣ የማጅራት ገትርና የደም ካንሰርም ፊትን ሊያጣምሙ ይችላሉ። ስቴሮይድ ደግሞ የደም ካንሰርን ለጊዜው ሊሸሽግ ስለሚችል፣ ሳይመረመሩ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መስጠት አደጋ አለው። አፉ ተጣሞ ግንባሩ ግን የሚሸበሸብ ከሆነ፣ እጁ ወይም እግሩ ከደከመ፣ ትኩሳት ካለው፣ አንገቱ ከደረቀ ወይም ከጆሮው መግል ከወጣ ሳይውል ሳያድር ወደ ነፋስ መውጫ ወይም ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ይወሰድ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ዓይኑ ነው። የማይከደን ዓይን ይደርቃል፣ ይቆስላል፣ ብርሃኑንም ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ቀን ቀን ሐኪም ያዘዘው ጠብታ ይደረግለት፤ ከአቧራም ይጠበቅ። ማታ የዓይን ቅባት ተቀብቶ፣ ቆቡ በቀስታ ተከድኖ በፕላስተር ይያዝለት። ፊቱን መብጣትም ሆነ መተኮስ ነርቩን አያድንም፤ ጠባሳ ብቻ ይተውለታል።

ገጠር ዘመድ ያላችሁ ሁሉ ይህን ንገሩልን። ፊቱ በጊዜው ይመለሳል፤ የጠፋ ዓይን ግን አይመለስም።