ብቻቸውን ድንበር የሚሻገሩ ሕፃናት

ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን በእንጦጦ ማርያም፥ እንደ ሌሎቹ አድባራት ሁሉ፥ ማሕሌተ ጽጌ ይቆማል፤ የጌታችንና የእመቤታችን ስደትም ይታሰባል። በዚያ ስደት ሕፃኑን እናቱ አቅፋው፥ አረጋዊው ዮሴፍም መንገድ እየመራ ነበር። እናትም መሪም የሌለው ሕፃን ከአገር ወደ አገር ሲሻገር ግን ኃላፊው ማን ነው?

መልሱን የሚያስተምር ታሪክ ከእንጦጦ ግርጌ በምትገኘው ከተማችን ተፈጽሟል። በ1907 ዓ.ም. በኦቶማን ቱርክ ግዛት በአርመን ሕዝብ ላይ እልቂት በተጀመረ ጊዜ እጅግ ብዙ ሕፃናት ወላጆቻቸውን አጡ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በኢየሩሳሌም በአርመን ገዳም ተጠለሉ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ አይተው አዘኑላቸው፤ ከእኅት ቤተ ክርስቲያን ከአርመን ፓትርያርክ ጋር ተስማምተውም 40 ወንዶች ልጆችን ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። ሕዝቡ «አርባ ልጆች» አላቸው። ሙዚቃ ያስተማራቸው ኬቮርክ ናልባንድያን የደረሰው የንጉሠ ነገሥት መዝሙርም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓል ላይ ተሰማ።

እነዚህን ልጆች የጠቀማቸው ርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ ሥርዓት ያለው ርኅራኄ ነው። ከመነሣታቸው በፊት ተቀባያቸው ታውቋል፤ አንዱ ከሌላው አልተነጠለም፤ ቋንቋቸውን የሚያውቁ ካህንና መምህር ነበሯቸው፤ እንጀራ የሚበሉበትም ሙያ ተሰጥቷቸዋል።

በ1931 ዓ.ም. ደግሞ 10,000 ያህል ሕፃናት፥ አብዛኞቹ አይሁድ፥ ከናዚ ግዛት ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግረዋል። ከእነርሱ አንዱ የነበሩት ሎርድ አልፍ ደብስ በ2008 ዓ.ም. ብቻቸውን በአውሮፓ የሚንከራተቱ 3,000 ስደተኞች ሕፃናት ወደዚያው አገር እንዲገቡ ሐሳብ አቀረቡ። በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ ወደብ በካሌ የጎረቤቶቻችን የኤርትራና የሱዳን ልጆች በድንኳን ይኖሩ ነበር። ሕጉ ቁጥር ሳይጠቀስበት ጸደቀ፤ መንግሥት ግን ቁጥሩን በ480 ወሰነው፤ በ2012 ዓ.ም.ም ሥራው ተፈጸመ ተባለ። የቀረው ልጅ በሩ ሲዘጋበት ሌሊት በጭነት መኪና ሥር ለመሸሸግ ይገደዳል፤ ሕጋዊው መንገድ በጠበበ መጠን የደላላው ይሰፋልና።

ሙሴ በቅርጫት ሆኖ በወንዝ ዳር በተቀመጠ ጊዜ እኅቱ የሚሆነውን ለማወቅ በሩቅ ቆማ ትመለከት ነበር። የሕፃን ጠባቂ ሥራው ይህ ነው። ስለዚህ፥ ክርስቲያን ቤተሰቦች ሆይ፥ የዘመድ ልጅ ወደ ባዕድ አገር ይሂድ ተብሎ ምክር ስንጠየቅ «ማን ይቀበለዋል? ከማን ጋር ይኖራል? ማንስ ይጠይቀዋል?» እንበል። መልስ ካልተገኘ ልጁ አይነሣ። ብቻውን ወደ እኛ የመጣ እንግዳ ሕፃን ሲያጋጥመንም እነዚሁን ጥያቄዎች ስለ እርሱ የምንመልስ እኛ እንሁን።