«ላላ» ስንት ትርጉም አለው? ስለ ሞተር ብስክሌት ጥገና ቃላት

ሙያዊ ቃል የሚመዘነው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ በመስፈሩ ብቻ አይደለም፤ ሙያተኛው ሥራውን ሳይሳሳት እንዲያከናውን በማስቻሉም ጭምር ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህን ሐሳብ በአንድ ጠባብ መስክ፣ በሞተር ብስክሌት ጥገና፣ ለማሳየት እንሞክራለን። ለምሳሌነት የመረጥነው በዕድሜ የገፋ፣ ሁለት ሲሊንደሮቹ እንደ ላቲኑ «ቪ» ፊደል የተከፈቱ፣ መቀመጫው ዝቅ ያለና ለረጅም መንገድ የተሠራ ሞተር ብስክሌት ነው። ቦታውም ጎንደር ከተማና ከከተማው በስተ ሰሜን ያለው ደጋ ነው። በጎንደር ጎዳና በብዛት የሚታዩት ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ብስክሌቶችና ባጃጆች ናቸው። ብርቅ የሆነውን ዓይነት የመረጥነው፣ ለአንድ ሲሊንደር የሚበቃው የቃል ሀብት ለሁለት ሲሊንደር ሲውል ጉድለቱ ጎልቶ ስለሚታይ ነው።

ሀ. ጋራዡ ያሉት ቃላት

ጎንደር ከመጋቢት 1928 እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. በጣሊያን ጦር እጅ ነበረች። ከአሥመራ በሊማሊሞ ገደል አድርጎ ጎንደር የሚገባው የመኪና መንገድም የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ከመኪናው ጋር የክፍሎቹ ስሞች ገቡ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካቻቢቴና ፍሬቻ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው።

እነዚህ ቃላት እንደገቡ አልቀሩም፤ የአማርኛን የድምፅ ሥርዓት ተከትለው ተለውጠዋል። በጣሊያንኛ መጨረሻቸው «ኦኔ» የነበሩት የመጨረሻ አናባቢያቸውን ጥለው ብሎን፣ ፍሪሲዮን፣ ጓርኒሲዮን ሆነዋል። በ«አ» የሚጨርሱት ግን ጎማ፣ ካንዴላ፣ ሮንዴላ እንዳሉ ጸንተዋል። ትርጉማቸውም የራሱን መንገድ ይዟል። ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማም ነው፤ በእኛ ዘንድ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው የእሳት ብልጭታ ሰጪ ብቻ ነው። ካቴና በብስክሌት ላይ የጎማ ማዞሪያ ሰንሰለት ሲሆን፣ በፖሊስ ጣቢያ የእጅ ማሰሪያ ነው። ስለዚህ እነዚህን ቃላት ባዕድ ናቸው ብሎ በአዲስ መተካት አስፈላጊ አይመስለንም። ሠራተኛው ያለ ጥርጥር የሚግባባበትን ቃል መንጠቅ ቋንቋውን አያበለጽገውም።

ችግሩ ያለው ከስሞቹ ላይ ሳይሆን፣ የክፍሎቹን ሁኔታ ከሚገልጹት፣ የራሳችን ከሆኑት ግሦች ላይ ነው።

ለ. ባላ መንታ ሞተር

ወደ ግሦቹ ከማለፋችን በፊት የሞተሩን ዓይነት መሰየም ይገባል። በቅድሚያ በተለምዶ «ሞተር» የሚባለው መሣሪያውም ተሽከርካሪውም ስለሆነ፣ «ሞተሩ ተበላሸ» ሲባል የቱ እንደሆነ አይለይም። ተሽከርካሪውን «ሞተር ብስክሌት»፣ ኃይል ሰጪውን «ሞተር» ማለት ይበቃል። ሁለት ሲሊንደሮቹ ከአንድ ዘንግ ተነሥተው የተከፈቱትን ደግሞ «ባላ መንታ ሞተር» እንድንለው ሐሳብ እናቀርባለን። ባላ ከአንድ ግንድ ሁለት ሆኖ የወጣ እንጨት መሆኑን ገጠሬውም ከተሜውም ያውቀዋል፤ የላቲን ፊደል ማወቅንም አይጠይቅም።

የባላው ስፋት ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ሀርሊ ዴቪድሰን እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮ የታወቀበት 45 ዲግሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው ሞቶ ጉዚ ቪ7 90 ዲግሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ያማሃ ቪራጎ 75 ዲግሪ ነው። በ45 ዲግሪው ሞተር ሁለቱ ፒስተኖች በአንድ የዘንግ ክርን ላይ ስለሚያያዙ፣ ፍንዳታዎቹ በ315ና በ405 ዲግሪ ልዩነት ይፈራረቃሉ። የድምፁ መንከስከስ ከዚህ የመጣ የተፈጥሮ ጠባዩ እንጂ ብልሽት አይደለም።

ሲሊንደሮቹንም በቦታቸው መለየት ያስፈልጋል። በአብዛኛው አንዱ ፊት አንዱ ኋላ ስለሚቆም «ፊተኛ»ና «ኋለኛ» እንላቸዋለን፤ በሞቶ ጉዚ ግን ወደ ጎንና ጎን ስለሚወጡ «ግራ»ና «ቀኝ» ናቸው። በነፋስ በሚበርደው ሞተር ኋለኛው ሲሊንደር ከፊተኛው ጀርባ ስለሚከለል ይበልጥ ይግላል። «ሲሊንደሩ ጋለ» ብሎ የቱ እንደሆነ አለመግለጽ ምርመራውን ግማሽ ያደርገዋል።

ሐ. የ«ላላ» አራት ትርጉሞች

«ላላ» የሚለው ግሥ በጥገና ቦታ ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮችን ይገልጻል። ብሎን ይላላል፤ ካቴና ይላላል፤ ኩሽኔታ ይላላል፤ ቫልቭም ይላላል። ለሚሰማው ተማሪ መልሱ ለአራቱም አንድ ይመስለዋል፤ ይኸውም ማጥበቅ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ለላላ ብሎን ማጥበቅ ትክክል ነው። ያለቀ ኩሽኔታ ግን ይለወጣል እንጂ አይጠብቅም። ካቴና ደግሞ ጎማው በጉድጓድ ላይ ከፍ ዝቅ ሲል እንዳይወጠር መጠነኛ መርገብ አለበት፤ በብዙ ሞተር ብስክሌቶች መካከሉ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር መንቀሳቀስ ይኖርበታል።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት በቫልቭ ላይ ይደርሳል። ብረት ሲግል ይረዝማልና፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በቫልቩ ጫፍና በሚገፋው ክፍል መካከል በሚሊ ሜትር መቶኛ የሚለካ ቦታ ይተዋል። ይህ ቦታ «ላልቷል» ተብሎ እስኪዘጋ ድረስ ከተጠበቀ፣ ሞተሩ ሲግል ቫልቩ ወንበሩ ላይ በሚገባ አይቀመጥም። የጭስ ማስወጫው ቫልቭ ሙቀቱን የሚያስረክበው በመቀመጫው በኩል ስለሆነ፣ ካልተቀመጠ አይበርድም፤ እሳቱም በጠርዙ ሾልኮ ያቃጥለዋል። ሞተሩ በመጀመሪያ ዝም ይላል፤ ባለንብረቱም ይደሰታል፤ ቆይቶ ግን ጉልበቱ ይከዳል። በአንዳንድ ሞተሮች ይህን ቦታ የዘይት ግፊት ራሱ ስለሚጠብቀው፣ ከመንካት በፊት የፋብሪካውን መመሪያ ማየት ግድ ነው።

«ፍሬን በጠሰ» የሚለው አነጋገርም እንዲሁ ነው። ሽቦ ሲበጠስ፣ ዘይት ሲፈስ፣ ሸራው ግሎ መያዝ ሲያቅተው ሁሉ ይባላል፤ ሦስቱ ግን ሦስት ጥገና ይፈልጋሉ። ሊማሊሞን ለሚወርድ ሰው ይህ የቃል ክርክር ብቻ አይደለም።

መ. የደጋው አየር

ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደባርቅ ከ2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በጎንደር ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ለአየሩ የበዛ ቤንዚን ይሰጣል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ጉልበት ይቀንሳል። መድኃኒቱ ጠበብ ያለ የቤንዚን ቀዳዳ ማግባት ነው። ሁለት ካርቡራቶር ያለው ባላ መንታ ሞተር ከዚህ ሌላ ሁለቱ እኩል አየር እንዲስቡ መደረግ አለበት። ይህንን ተግባር «ማናበብ» ብንለው፣ ሰዎች ሥራቸውን አስማምተው ሲሠሩ «ተናበቡ» ከምንለው ጋር ይስማማል።

ሠ. የቀረቡ ስያሜዎች

መላላት፦ የብሎን ወይም የዳዶ ከማሰሪያ ልኩ መውረድ፤ መፍትሔው ማጥበቅ።
ርግበት፦ ለካቴና የሚተው የታወቀ ልክ፤ ሲበዛም ሲያንስም የሚስተካከል። ከከበሮ መርገብ የተወሰደ።
ክፍተት፦ በቫልቭ ጫፍና በገፊው መካከል፣ ሞተሩ ሲበርድ የሚለካ ቦታ።
መነቃነቅ፦ የኩሽኔታ ከማለቅ የተነሣ መወዛወዝ፤ እንደ ጥርስ መነቃነቅ፤ መፍትሔው መለወጥ።
ማናበብ፦ ሁለት ካርቡራቶሮችን እኩል ማሠራት።

እነዚህ ስያሜዎች ሁሉም ሰው ከሚያውቃቸው ቃላት የተወሰዱ በመሆናቸው፣ አዲስ የሚሆነው አከፋፈላቸው ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ እየተስፋፋ ሲሄድ ካንዴላና ካርቡራቶር ከወጣቱ አፍ ሊርቁ ይችላሉ፤ ብሎን፣ ኩሽኔታና ፍሬን ግን አብረውን ይቆያሉ። ስለዚህ በጎንደርም ሆነ በሌላ ስፍራ የሚገኙ የጥገና ባለሙያዎችና የቴክኒክ ትምህርት መምህራን፣ ቃላቱ በሥራ ላይ ይገለገሉባቸው እንደሆነ ፈትነው፣ የማይስማማውን ነቅሰው፣ ጋራዡ የተሻለ ያለው እንደሆነም ገልጸው እንዲጽፉልን እንጠይቃለን።